አትረሳም ብዬ መሰከርኩላት

ምን ታስተምሪያለሽ ሲሉኝ መልሱ ይቸግረኛል። ሒሳብ አይደለም፤ እንግሊዝኛም አይደለም። አንድ ጊዜ የሰፈራችን መሪጌታ ይህንኑ ጠይቀውኝ «መጀመርና መጨረስ ነው የማስተምረው» ብላቸው፣ ረጋ ብለው አዩኝና «እሱንማ እኛም ሳንችለው አረጀን» አሉኝ። ሥራ መጀመር፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ ዕቃን ቦታው ማስቀመጥ፣ ለነገ የሚያስፈልገውን ዛሬ ማሰብ፣ በመሀል ሌላ ነገር ሲጠራ ተነስቶ አለመሄድ፤ ይኸው ነው ትምህርቱ። ላሊበላ ውስጥ ለዚህ ብሎ ልጁን አስጠኚ ዘንድ የሚልክ ወላጅ ይኖራል ቢሉኝ እኔ ራሴ እስቅ ነበር።

ነገሩ የመጣው ትምህርት ቤቱ ሲዘጋና ሲከፈት ከኖረ በኋላ ነው። አንድ ሰሞን መንገዱ ደኅና አይደለም ተብሎ ልጆቹ ይበተናሉ፤ አንድ ሰሞን ተረጋጋ ተብሎ ይሰበሰባሉ። እኔ ያኔ የክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ልጆቹ ሲመለሱ ጭንቅላታቸው ያው ነው፣ መቀመጥ ግን አቅቷቸዋል። ደብተር ይከፍታሉ፣ እስክሪብቶ ሊፈልጉ ይነሳሉ፣ በዚያው ይቀራሉ። ወላጅ «ልጄ ፈዘዘብኝ፣ ዓይን በልቶት ይሆናል» እያለ ጠበል ይወስዳል። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ግን ከጠበል መልስም እስክሪብቶው የለም። ስለዚህ ከክፍል በኋላ ቤቴ እየሰበሰብኩ ማስጠናት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ ከተማ ሄጄ በወሰድኩት ስልጠና የሰጡኝን የጊዜ ሰሌዳ ለጠፍኩላቸው። በቀለም የተከፋፈለ፣ ሲያዩት የሚያምር ነው። ሰኞ ባዮሎጂ፣ ማክሰኞ ኬሚስትሪ እያለ ይወርዳል። አንድም ልጅ አልተከተለውም። ደሜ ፈልቶ አንዷን «ማክሰኞ ምን ነበር ያልኩሽ?» ብላት «ማክሰኞማ አቦ ነበር» አለችኝ። ልቆጣት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። እውነቷን ነዋ። እነዚህ ልጆች ሰኞና ማክሰኞን በትምህርት ቤት ደወል ነው የሚያውቋቸው። ልደታን፣ አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ማርያምን፣ በዓለ ወልድን ግን ተኝተውም አይስቷቸውም።

በማግስቱ ያን ሰሌዳ ቀድጄ ጣልኩትና ትምህርቱን በየታቦቱ ቀን ደለደልኩት። ከባድ ከባዱን ደግሞ ሆን ብዬ በትልልቆቹ በዓላት ላይ አደረግኩት። ምክንያቱን የላስታ ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል። በበዓል በሬ አይጠመድም፣ አይታጨድም፣ አይታረምም። ሌላ ቀን ከገጠር ወርዶ «ነይ አጨዳ ደርሷል» ብሎ ልጁን ይዞ የሚሄድ አባት በሚካኤል ዕለት ጋቢውን ደርቦ ከመቀመጥ ሌላ የሚያዝዘው የለውም። ሒሳብ በሚካኤል ሆነ፣ ፊዚክስ በማርያም፣ ኬሚስትሪ በበዓለ ወልድ። አንዱ አባት «ሴትዮዋ በሚካኤል ሥራ ታሠራቸዋለች» ብሎ ለነፍስ አባቴ ከሰሰኝ። ነፍስ አባቴ አስበው አስበው «ማንበብ ከሆነ ግድ የለም፤ ሞፈር እንዳያነሱ» ብለው ለቀቁኝ።

ወደ ኋላ ቆጥሮ ማቀድንም በጠላ አስተማርኳቸው። ለድግስ ጠላ የሚጠምቅ ቤት ያደገች ልጅ ጥንስሱ መቼ፣ ድፍድፉ መቼ፣ ውሃው መቼ እንደሚጨመር ከድግሱ ቀን ወደ ኋላ ቆጥራ ታውቃለች። እንግዲህ ፈተናው ድግሱ ነው፣ ዛሬ ምኑ ላይ ነን? እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ ግን ይገባቸዋል። ሥራ መጀመር ያቃተውን ደግሞ «እጅህ መጀመሪያ ምን ይይዛል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ምዕራፉ፣ ስለ ወደፊት ሕይወቱ አላወራውም። እጁ መጀመሪያ የሚይዘውን ብቻ ይንገረኝ።

ከሁሉ የባሰችብኝ የባልንጀራዬ ልጅ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። እንዲያው ምን ልበላችሁ፤ ባቄላ እሳት ላይ ጥዳ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ መንገድ ላይ ወሬ ይዟት የምትቀር ልጅ። የፊዚክስ ፈተና ቀን የታሪክ ደብተር ይዛ ትመጣለች። የጀመረችው ሁሉ ግማሽ ነው። ሞኝ ግን አልነበረችም፤ ይዛ የተቀመጠችለትን ነገር ከሁሉም ቀድማ ነበር የምትረዳው። ችግሩ ይዛ አትቀመጥም።

እናቷና እኔ አንድ መንደር ነው ያደግነው፣ ከአሸተን ማርያም ሥር። አብረን ወደ ከተማ እየወረድን ተምረናል። እሷ ግን አምስተኛ ክፍል ላይ ዳሯት። በሠርጓ ማግስት ደብተሯን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ግማሹ ንጹሕ ነበር፣ እኔም እየጻፍኩበት ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ሳንለያይ ኖርን፤ እሷ እዚያው መንደር ብትቀርም በየወሩ እየወረደች የማርያምን ጽዋ አብረን ነው የምንጠጣው። ይህችን ልጅ ስትወልድ አራስ ቤቷ ቁጭ ብዬ «የእኔ ነገር እኔው ላይ ይብቃ» ስትል ሰምቻታለሁ። ልጅቱን ይዛ ስትመጣም ያለችኝ ይኸንኑ ነው። ፈተናውን አስፈትኚልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም አለችኝ። እኔም እንደ ራሴ ልጅ ያዝኳት።

ዓመት ሙሉ ታገልኳት። ማታ ማታ ለነገ የሚያስፈልጋትን ሁሉ በር ሥር አስቀምጣ እንድትተኛ አስለመድኳት። አንድ ሥራ ሳያልቅ ሌላ ስትጀምር ባየሁ ቁጥር የጀመረችውን እንድትጨርስ መለስኳት። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አሾፍኩባት። ቀስ በቀስ ሰው ሆነች። መጀመሪያ ደብተሯ ተስተካከለ፣ ቀጥሎ የኪራይ ቤቷ ተስተካከለ፣ ቀጥሎ የጓደኞቿን ነገር ሁሉ እሷ ማስታወስ ጀመረች። አንድ ቀን እኔው ራሴ ለሌላ ተማሪ የገባሁትን ቀጠሮ ረስቼ «ቲቸር፣ ዛሬ እኮ ኪዳነ ምሕረት ናት» ብላ እሷ አስታወሰችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ያን ዕለት ይህ ሥራ በእርግጥ ሥራ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አመንኩ።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ አንድ ሽማግሌ ደጄ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው ንጹሕ፣ አነጋገራቸው ለስላሳ። ከፍላቂት ነው የመጣሁት፣ ልቧ አንድ ቦታ የማይቀመጥ ልጅ አለችኝ፣ የሚያስጠና ሰው አለ ቢሉኝ ነው አሉኝ። አስገባኋቸው፣ ጠላ ቀዳሁላቸው። እውን ይህ ነገር ሰውን ይለውጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይለውጣል አልኳቸው። እስቲ የተለወጠች ልጅ ካለች ንገሪኝ አሉኝ።

ኧረ ምን ቸገረኝ! ስለ ባልንጀራዬ ልጅ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራሁላቸው። እንዴት እንደነበረች፣ እንዴት እንደሆነች። አትረሳም አልኳቸው። የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሳም፣ ሰዓት ታከብራለች፣ ቤቷ ገብተው ቢያዩት ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል አልኳቸው። ትቆጣለች ወይ አሉኝ፤ ኧረ እሷ፣ ዝም ብላ ሥራዋን ነው አልኩ። ጤናዋስ አሉኝ፤ አንድ ቀን ታምማ ቀርታ አታውቅም አልኩ። የማን ዘር ናት ሲሉኝ አያቷንና ቅድመ አያቷን ቆጥሬ ነገርኳቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ አፌ ብቻ አልነበረም ያመለጠው። ሽማግሌው ጠላቸውን ጨርሰው ረጅም ምርቃት መርቀውኝ ሄዱ። ልጃቸውን መቼ እንደሚያመጡ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

የእኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ አሁን ራሱን እየነቀነቀ እንደሆነ አውቃለሁ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የወንዱ ወገን ስለ ሴቲቱ ያጠያይቃል። ጎረቤቷን፣ ወፍጮ ቤት የሚያውቋትን፣ ነፍስ አባቷን እየዞረ ይጠይቃል፤ ለምን እንደሚጠይቅ ግን አይናገርም። ሌላ ጉዳይ አስመስሎ ነው የሚመጣው። የሚጠየቀውም ሰው ገብቶት፣ ሊያስድር ሲፈልግ ያሳምራል፣ ሊያስቀር ሲፈልግ ሳል ብጤ ይስላል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ስንቴ ተጠይቄ ስንቷን ስዬላታለሁ። ያን ቀን ግን ሰው ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ ብዬ ነው የታወርኩት። ስለ ዘሯ ሲጠይቁኝ እንኳን ልቤ አልደነገጠም። ለማስጠናት ዘር ምን ያደርጋል? እስቲ አሁን ይኼ ይጠፋል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት ከሁሉም በኋላ ነው። በታኅሣሥ ማርያም፣ ጽዋው የአንዷ ጎረቤታችን ተራ ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ እየተበላ ሳለ አንዷ አሮጊት ወደ እኔ ዞር ብለው፣ አንቺማ ለምስክርነትሽ ሽልማት ይገባሻል፣ የፍላቂቶቹ ባንቺ ቃል ነው የቆረጡት አሉኝ። ማን ቆረጠ፣ ምኑን ቆረጠ? ሴቶቹን አየኋቸው፤ ሁሉም ዳቦውን እያዩ ነው። ባልንጀራዬን አየኋት፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ያኔ ነው የገባኝ። በእጄ የያዝኩትን ጽዋ ሳልጠጣ ለጎረቤቴ አሳለፍኩት።

ሲወጡ ጠብቄ ባልንጀራዬን ከግቢው ውጪ ያዝኳት። ሽማግሌውን ማን ላካቸው አልኳት። ልትዋሸኝም አልሞከረችም። አስተማሪዋን ጠይቋት፣ እሷ ካመሰገነችላችሁ ሌላ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም ያልኩ እኔ ነኝ አለችኝ።

«ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ ትዋሺ ነበር።»

«አዎ እዋሽ ነበር!»

«ለዚህ ነዋ ያልነገርኩሽ» አለችኝ።

ጅብን ሲወጉ በአህያ ይጠጉ አሉ። አህያዋ እኔ ነበርኩ። እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ የንዴት ለቅሶ ነው። እሷ ደግሞ እንደ ጥፋተኛ እንኳ አልተቅለሰለሰችም። እጄን ይዛ ነገሯን አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ ሕግም አይከለክልም። ሰዎቹ ፍላቂት መኪና ማቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ገብስ የሚነግዱ፣ ደኅና ሰዎች ናቸው። ልጁም የማይጠጣ፣ የማይማታ ነው። ትምህርት ቤቱ ነገ ይዘጋ አይዘጋ በምን ይታወቃል? ፈተናውን ብትወድቅስ? ከሚያልፈው የሚወድቀው አይበልጥም? የወደቀች ልጅ ደግሞ ማን ይጠይቃታል? አሁን ነው ስሟ ያለው፣ ስሟን ደግሞ አንቺ ነሽ የሠራሽላት አለችኝ። ፈተናውን ትፈተናለች፣ በሽማግሌ ፊት አስምያቸዋለሁ አለች። ማለች፤ በማርያም ማለች።

አንድም ቃሏ እብደት አልነበረም። እንዲያውም ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እብድ ብትሆን፣ ወይም ክፉ ብትሆን፣ እረግማት ነበርና ይወጣልኝ ነበር። ግማሽ ደብተሯን የሰጠችኝ ሴት ናት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

በማግስቱ ልጅቱ እንደ ልማዷ በሰዓቷ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ታውቅ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ታውቅ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እየመጣች፣ ሒሳቧን እየሠራች፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሳወራላት አንገቷን እየነቀነቀች፣ ታውቅ ነበር።

«መንገሩን መጀመር አቃተኝ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ እጅሽ መጀመሪያ ምን ይይዛል ብዬ እጠይቃት ነበር። ያን ቀን ግን ውጪልኝ አልኳት። ወጣች። ደብተሯን እንኳ ሳትረሳ ነው የወጣችው።

ሠርጉ ጥምቀት እንዳለፈ ሆነ። አልሄድኩም። ሁለት ጊዜ ጠሪ ላኩብኝ፣ አሞኛል አልኩ። ሚኒባሶቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉ በሬን ዘግቼ የሌላ ሰው ልጆች አስጠና ነበር። ከዚያ ወዲህ ጽዋ ላይ ባልንጀራዬና እኔ ፊትና ኋላ መቀመጥ ጀመርን። ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ ከዚያ በቀር ወሬ የለንም።

አንድ ነገር ግን ማልኩ። ስለ ተማሪዎቼ የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ አንዲትም መልካም ቃል ከአፌ አይወጣም። በየካቲት አንድ ሰውዬ መጥቶ ስለ አንዷ ጠየቀኝ። ትረሳለች፣ ታረፍዳለች፣ ሽሮ ጥዳ ትተኛለች አልኩት። በማግስቱ የልጅቱ እናት ነጠላዋን አደግድጋ መጣችብኝ። ሰውዬው ለካ አጎቷ ኖሮ፣ የራሱን ልጅ ሊያስጠናኝ አስቦ ሥራዬን ሊያጣራ ነበር የመጣው። አስጠናኋት የምትይው ልጅ እንዲህ ከሆነች ምኑን አስጠናሽ ብላ አፋጠጠችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እውነቱን ስነግራት እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላም ግን መሐላዬን አልተውኩም።

በግንቦት የባልንጀራዬ ልጅ መጣች። ፀጉሯን ሸፍናለች፣ ከስታለች፣ እጆቿ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ። የመልስ ሚኒባሷ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቃ ነው የገባችው። ልቆጣት አስቤ ነበር፤ ሳያት ግን ወንበር ሳብኩላት። ፈተናው እየደረሰ ነው፣ ማጥናት አልቻልኩም፣ እንደ ድሮው ይደልድሉልኝ አለችኝ። ከልካይ የለባትም። ባሏ ጊዜ ካገኘሽ አንብቢ ይላታል፣ አማቷም ምንም አይሏትም። ጊዜውን ነው ያጣችው።

ተቀመጥን። በሚካኤል ብታነቢስ አልኳት። በሚካኤል ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ምግብ ቤቱ ነው የሚገባው አለችኝ። በበዓለ ወልድ? ነፍስ አባታቸው ከነተከታዮቻቸው እቤት ነው የሚውሉት። በማርያም? አማቷ የማርያም ጽዋ አለባቸው፤ ተራው የሌላ ሰው ሲሆንም የሚቀርበውን ዳቦ እሷ ነች የምትጋግረው። በአዘቦቱ ቀንስ? በአዘቦቱ መንገደኛው ነው። ጎንደር የሚሄደው አለ፣ ከወልድያ የሚመጣው አለ። እኔ ለልጅ መሸሸጊያ ብዬ የፈለግኋቸው በዓላት ሁሉ ለምራት ዋና የሥራ ቀኖች ሆነው ቁጭ አሉ። ለስንቱ ፈዛዛ ክፍት ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ለእሷ አጣሁ።

ሌሎቹስ አልኳት፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም? አሉ አለችኝ፤ የባሏ እኅቶች አሉ፣ ተቀጣሪም አለች። ግን እነሱ ይረሳሉ። ጨው ያለቀበትን፣ የእንጨቱን፣ የነገውን እንግዳ የምታስታውሰው እሷ ናት። መጀመሪያ ሰሞን አመሰገኗት፤ አሁን ሁሉም ማስታወሱን ለእሷ ትተውታል። አማቷ ቁልፉን አስረክበዋታል። ለአንዲት ሙሽራ ይኼ ትልቅ ክብር ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ጨርቄን ጥዬ ባብድ ደስ ባለኝ።

«ስሚኝ» አልኳት፣ «ከነገ ጀምረሽ እርሺ። ጨው ሲያልቅ ዝም በይ። አንድ ቀን ወጡን አሳርሪው። አርፍደሽ ተነሺ፣ ቁልፉን ጣዪው። ይሰድቡሻል፣ ይስደቡሽ። ሌላ ሰው ይተኩብሻል፤ አንቺ ታነቢያለሽ።»

ዕድሜዬን ያስተማርኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገልብጬ ስናገር ለራሴም ጆሮዬ ይሰቀጥጠው ነበር። እሷ ደኅና አድርጋ ሰማችኝ። ፈገግም አለች።

«ያንን አልችልም፣ ቲቸር» አለችኝ። «ያንን አላስተማሩኝም።»

ሚኒባሷ እንዳያመልጣት ሰዓቱን አይታ ተነሳች። እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ለፈተናው ተማሪዎቹን ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወስደው አውቶቡስ በሰኔ ማርያም ማለዳ እንደሚነሳ ደጋግሜ ነገርኳት። አውቃለሁ፣ የዋዜማው ዕለት መጥቼ እዚህ አድራለሁ አለችኝ። አመንኳት።

በዋዜማው አልመጣችም። ስልኳ አይነሳም። ማለዳ አውቶቡሱ ጋ ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ነበርና ልጆቹ ሻንጣቸውን ተሸክመው ጭቃ ላይ ቆመዋል፤ አብዛኞቹ የእኔ ናቸው። ሁለቱ የቤት ጓደኞቿ ቀድመው አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው በመሀላቸው ቦታ ይዘውላት ተቀምጠዋል። ሾፌሩን ትንሽ እንዲቆይ ለመንኩት፤ ቆየልኝ፣ እግዜር ይስጠው። በኋላ ግን ጡሩምባውን ነፋና ሄደ። ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ ይመርቁን ይሉኛል፤ እኔ ከፍላቂት የሚያመጣውን የገሸና መንገድ ነው የማየው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ባልንጀራዬ ቤቴ መጣች። ከጥር ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ከፍላቂት መመለሷ ነው። ፊቷ በርቷል፣ በእጇ በመሶበ ወርቅ የተደረገ ዳቦ ይዛለች፣ የልጄ አማት ልከውልሽ ነው አለችኝ። ለካ በሰኔ ማርያም ጽዋው የልጅቱ አማት ተራ ኖሯል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ቀሳውስቱ፣ ጎረቤቱ፣ የባሏ ዘመድ ሳይቀር ተጠርቶ፣ ልጅቱ ብቻዋን ሁሉን በየሰዓቱ አቅርባ፣ አንዲት ነገር ሳትጎድል ድግሱን አሳለፈችው። ቄሶቹ ሳይቀሩ ይህችን ልጅ ማን አስተማራት ብለው ጠየቁ፣ አማቷም ያንቺን ስም ጠሩ፣ ስምሽን አስጠራችው እህቴ አለችኝ። ልትታረቀኝ ነው የመጣችው። እውነትም ደስ ብሏታል።

ፈተናውስ አልኳት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳልጠይቃት በፊት ትዝም አላላትም ነበር፤ ከፊቷ ላይ አነበብኩት። እናትየው ረስታዋለች። ልጅቱ ግን ያን ቀን ሙሉ፣ ሳሕን ስታነሳም ስታስቀምጥም፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደተነሳና የት እንደደረሰ እንዳልረሳች አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።